ዕውቀት በቁና ሲሰፈር

እህል በቁና ይሰፈራል። ቁናው ግን የእህሉን ብዛት እንጂ ነቀዝ የበላው መሆን አለመሆኑን፣ ለዘር የሚበቃ ይሁን ለከብት የሚጣል አይናገርም። ይህን የማያውቅ ገበሬም ሆነ ነጋዴ የለም። ስለዚህም ሸማቹ ቁናው ከመሞላቱ በፊት አንድ እፍኝ ዘግኖ ያያል፤ ያሸታል፤ ጥቂት ፍሬም በጥርሱ ሰብሮ ይቀምሳል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው በገበያ መካከል የሚያደርገው ይህ ጥንቃቄ የተማሩ ሰዎች መናኸሪያ በሆነው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ መጥፋቱ የዘመኑ አሳፋሪ እንቆቅልሽ ነው።

በአሁኑ ጊዜ በብዙ አገሮች አንድ ምሁር ለማዕረግ ሲታጭ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን አገኘ?» የሚል አይደለም፤ «ስንት አሳተመ? ስንት ጊዜስ ተጠቀሰ?» የሚል ነው። መለኪያው ሲፈጠር ለዚህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ ማሳተም ሲጀምር የታሰበው፣ ተመራማሪዎች ከአንድ ጽሑፍ ተነሥተው ተዛማጅ ጽሑፎችን እንዲያገኙ ነው። ከዚያው ማውጫ የተወለደው የመጽሔቶች መለኪያም መጽሔቶችን ለመምረጥ እንጂ ሰውን ለመመዘን አልተሠራም። ሆኖም መሣሪያው ውሎ አድሮ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ወረደና በሰው ራስ ላይ ተቀመጠ። እንጀራ በጽሑፍ ቁጥር የሚቆረስበት ዘመን እንዲህ መጣ።

የዚህ አሠራር ተከላካዮች፣ የቁናው ጠበቆች ሊባሉ የሚችሉት ወገኖች፣ ነገሩ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ እንደሆነ አድርገው ያቀርቡታል። የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ከሥነ ተዋልዶ ሕክምና መነሣት ይገባል፤ በዚህ መስክ የሐሰት ወረቀት በመደርደሪያ ላይ አይቀርም፣ በሰው አካል ውስጥ ይገባልና።

ከማሕፀን ውጭ፣ አብዛኛውን ጊዜም በማሕፀን ቱቦ ውስጥ የሚያድር ፅንስ ለመወለድ አይበቃም። ቱቦውን ቀድዶ እናቲቱን በደም መፍሰስ ሊገድላት ይችላል። ሐኪሙ እርሷን ለማዳን የሚችለው ፅንሱን በመተው ነው፤ ልጅ ለናፈቀች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ መተረክ አያስፈልግም። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1994 በለንደን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል የማሕፀንና የፅንስ ሐኪም የነበረው ማልኮልም ፒርስ በብሪታንያ የማሕፀንና የፅንስ ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ አስደናቂ ነገር አሳወቀ። ከማሕፀን ውጭ ያደረ ፅንስ በሕይወቱ ሳለ ወደ ማሕፀን ተዛውሮ ጤናማ ሕፃን ተወለደ አለ። ዜናው በጋዜጦች ተራባ። በዚያው እትም የወጣው ሌላው ጽሑፉ ደግሞ ፅንስ በተደጋጋሚ ስለሚጨነግፍባቸው 191 ሴቶች የተደረገ የሆርሞን ሕክምና ሙከራን ውጤት የሚዘረዝር ነበር።

ሁለቱም ፈጠራ ነበሩ። ምርመራ ሲደረግ ፅንሷ ተዛወረ ለተባለችው ሴት ማስረጃ አልተገኘም፤ የ191ዱ ሴቶች ሙከራ መካሄዱን የሚያሳይ መዝገብም አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በጁን 1995 የብሪታንያ የሐኪሞች ምክር ቤት ፒርስን ከሐኪሞች መዝገብ ፋቀው። ከዚህ የበለጠ ማስተዋል የሚገባው ግን ሌላው ስም ነው። በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ተባባሪ ደራሲ ሆነው ስማቸው የታተመው ጄፍሪ ቻምበርለይን የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ የዚያው መጽሔት ዋና አዘጋጅ ነበሩ፤ በዚህ ላይ የብሪታንያ የማሕፀንና የፅንስ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በሥራው አልተካፈሉም። ስማቸው የገባው የክፍል ኃላፊ ስም መግባት የተለመደ በመሆኑ ነው። ሁለቱንም ኃላፊነት ለቀቁ። ፒርስ ራሱም ከመጽሔቱ ረዳት አዘጋጆች አንዱ ነበር።

አንባቢ ልብ ይበል! አለቃው ያልሠራውን ይፈርማል፤ አዘጋጁ የራሱን ስም ያትማል፤ ጋዜጣው ያራግባል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱ «ሴቲቱ ማን ናት? መዝገቧስ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ውሸቱ ገና በፅንሱ ይቀር ነበር። ያልተጠየቀው በድንቁርና አይደለም። ጥያቄው የማንንም ቁና ስለማይሞላ ነው። ጠያቂ ሐኪም ለጠየቀበት ሰዓት በዝርዝሩ ላይ አንድም ጽሑፍ አይጨመርለትም። ፅንሳቸው እየጨነገፈ ያለቀሱት ሴቶች ግን ያንን መጽሔት የሚያነብ ሐኪም ፊት ተቀምጠው ነበር፤ ተስፋው የተሸጠው ለእነርሱ ነው።

በዚሁ መስክ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ በአንዱ የሕክምና ተማሪዎች፣ በሌላው አዋላጆች ይሠለጥኑ ነበር። በ1846 በሐኪሞቹ ክፍል ከወለዱት ከመቶ 11 የሚበልጡት በወላድ ትኩሳት ሲሞቱ፣ በአዋላጆቹ ክፍል የሞቱት ከመቶ 3 አይሞሉም። ድሆቹ የቪየና ሴቶች ልዩነቱን ከሊቃውንቱ ቀድመው ያውቁት ነበር፤ ወደ ሐኪሞቹ ክፍል ላለመግባት ይለምኑ እንደነበር ተጽፏል። የሀንጋሪው ተወላጅ ኢግናዝ ዜመልቫይስ ሐኪሞቹ ሬሳ በመረመሩበት እጅ ወላድ እንደሚነኩ ተገነዘበና በሜይ 1847 ሁሉም እጁን በክሎሪን ውሃ ታጥቦ እንዲገባ አዘዘ። በአፕሪል ከመቶ 18 ደርሶ የነበረው ሞት በጁን ወደ ከመቶ 2 ገደማ ወረደ።

ይህ ሰው በዛሬው ቁና ቢሰፈር ምን ይወጣዋል? ዋና መጽሐፉን ያሳተመው ከ14 ዓመታት በኋላ፣ በ1861 ነው። የቁናው ጠበቆች እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ቃል ሊናገሩ ይችላሉ፦ ቶሎ ቢጽፍ ኖሮ ስንት ወላድ በዳነች ነበር! ትክክል ነው። ያገኙትን ለዓለም አለማካፈል በደል ነው፤ መጻፍና ማሳተም የተመራማሪ ግዴታ ነው፤ ይህን የሚክድ ሙግት ከንቱ ነው። ነገር ግን ዜመልቫይስ የዘገየው ያገኛትን አንዲት እውነት በመጻፍ ሲሆን፣ ፒርስ የፈጠነው የሌለችውን በመጻፍ ነው። ቁናው ከሁለቱ የሚወድደው ፈጣኑን ነው።

ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ሲመጣ ውሸቱ ደም አያፈስስም፤ ነገር ግን ሰው ስለ ራሱ ያለውን ግንዛቤ ይመርዛል። ዲዴሪክ ስታፐል በኔዘርላንድስ የቲልበርግ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ፕሮፌሰርና የፋኩልቲ ዲን፣ በመስኩም የታወቀ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 «ሳይንስ» በተባለው ታላቅ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ በቆሸሸ አካባቢ የተገኙ ሰዎች የሌላውን ዘር የመጠየፍ ዝንባሌያቸው እንደሚጨምር፣ ይህንንም በዩትሬክት የባቡር ጣቢያ መንገደኞች ላይ እንዳረጋገጠ አተተ። በዚያው ዓመት ደግሞ ሥጋን ማሰብ ሰውን ራስ ወዳድ ያደርገዋል የሚል ግኝት ለጋዜጦች ተነገረ። ሐሳቦቹ ለጆሮ የሚጥሙ ነበሩ። ጽዳት ዘረኝነትን ያጠፋል ቢባል የማይደሰት ማን ነው?

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቹ መጠይቁን አብረው ያሰናዳሉ። እርሱ መጠይቁን ተሸክሞ ይሄዳል፤ በማውቃቸው ትምህርት ቤቶች አስሞላሁት ይላል፤ ከሳምንታት በኋላም በሰንጠረዥ የተሰናዳ አኃዝ ይዞ ይመለሳል። መጠይቁን ሲሞላ ያየ ሰው አልነበረም። በእርሱ ሥር ሆነው የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩ ወጣቶች ለገዛ ሥራቸው አንድ መልስ ሰጪ እንኳ ሳያዩ፣ ሳያውቁት በፈጠራ አኃዝ ላይ ማዕረጋቸውን ገነቡ። በመጨረሻ ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች አኃዙን ለወራት በጥርጣሬ ሲያጤኑ ቆይተው በ2011 የበጋው ማብቂያ ላይ ለክፍሉ ኃላፊ አመለከቱ። በሴፕቴምበር ከሥራው ታገደ። ከዚያ በኋላ 58 ጽሑፎቹ ተሽረዋል። የዶክትሬት ማዕረጉንም በራሱ ፈቃድ መልሷል።

ጉዳዩን ያጣራው ኮሚቴ በ2012 ባወጣው ሪፖርት ጥፋቱን በአንድ ሰው ራስ ላይ ጭኖ አላለፈም፤ ባልደረቦችም፣ ገምጋሚዎችም፣ መጽሔቶችም የማይሆን ውጤት እያዩ እንዳላዩ ማለፋቸውን ወቅሷል። ውጤቱ ያማረ ከሆነ ማንም እንዴት እንደተገኘ አይጠይቅም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ በብዙ አገሮች የሚገኙ ተመራማሪዎች ተባብረው በታወቁ መጽሔቶች የወጡ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን ደግመው ሠሩ። በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ከመቶ 97ቱ አጥጋቢ ውጤት አግኝተናል ብለው ነበር፤ ሲደገሙ ግን ያንኑ ያሳዩት ከመቶ 36ቱ ብቻ ናቸው። ያልተደገሙት ሁሉ ሐሰተኞች ናቸው ማለት አይደለም፤ አለመሆናቸውም ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም። ሐቀኛ ሰው እንኳ ቁናውን ለመሙላት ሲሮጥ የሚዘግነው ግማሽ ገለባ ነው።

የንግድ አስተዳደር ጥናት ለዚህ ሁሉ እንደ ቀልድ የሚመስል ምዕራፍ ጨምሮበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ አንድ ጽሑፍ ታተመ። ሰው ቅጽ ሲሞላ «የምናገረው እውነት ነው» ብሎ የሚፈርመው ከቅጹ ግርጌ ሳይሆን ከራስጌ ቢሆን ኖሮ ውሸቱ ይቀንስ ነበር የሚል ነው። ከማስረጃዎቹ አንዱ መኪናቸው ስንት ማይል እንደተነዳ ለኢንሹራንስ ኩባንያ ያስታወቁ ሰዎች የ13,488 ውሎች አኃዝ ነበር። ድርጅቶች ምክሩን ወደዱት፤ ፊርማ ማዛወር ከደመወዝ መጨመር ይረክሳልና። በ2020 ደራሲዎቹ ራሳቸው ሙከራውን በሰፊው ቢደግሙት ውጤቱ አልተገኘም። በ2021 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን አኃዝ ገልጠው አዩት። የተነዳው ርቀት ከ0 እስከ 50,000 ማይል እኩል በእኩል ተደልድሎ ነበር፤ 1,000 የነዳውም፣ 10,000 የነዳውም፣ 49,000 የነዳውም በቁጥር ተመጣጣኝ ሆኖ ከ50,000 በላይ የነዳ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። መኪና ያለውን ጎረቤቱን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህ እንደማይሆን ያውቃል፤ አብዛኛው ሰው መካከለኛውን ርቀት ይነዳል፣ ጥቂቱ ብዙ፣ ጥቂቱም ትንሽ። አኃዙ የሰው ሕይወት ሳይሆን የማሽን ዕጣ ነበር። ስለ ሐቀኝነት የተጻፈው ጽሑፍ በሐሰት አኃዝ ምክንያት ተሻረ!

ከደራሲዎቹ አንዷ የነበሩት የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ፍራንቸስካ ጂኖ በሌሎች ጽሑፎቻቸውም አኃዝ ተነካክቷል ተብለው በ2023 ተከሰሱ። ክሱን እስከ መጨረሻው ክደዋል፤ በ25 ሚሊዮን ዶላር ካሣም ዩኒቨርሲቲውንና አኃዙን የመረመሩትን ሦስት ምሁራን ፍርድ ቤት አቁመዋል። ፍርድ ቤቱ የስም ማጥፋት ክሱን በ2024 ውድቅ አደረገ፤ ሃርቫርድም በ2025 ቋሚ የፕሮፌሰርነት መብታቸውን ሰረዘ። የሴትዮዋ ዕጣ የፍርድ ቤትና የዩኒቨርሲቲው ጉዳይ ነው። ለዚህ ሙግት የሚጠቅመው ሌላ ነው፤ «ይህ አኃዝ ትክክል ነውን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ጠበቃ መቅጠር የሚያስፈልገው ዘመን መድረሱ።

«ሂሳብ ግን ከዚህ ሁሉ ንጹሕ ነው» የሚሉ አሉ። ሂሳብ ማረጋገጫ አለው፤ ሁለትና ሁለት አራት ነው፤ እዚያ ውሸት አያድርም ይላሉ። በእርግጥም ማረጋገጫ የሚነበብ ቢሆን ኖሮ አያድርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ኔት ኤልድሬጅ የተባለ አሜሪካዊ የሂሳብ ምሁር የሂሳብ ቃላትንና ምልክቶችን እንደ ዕጣ እያወጣ የሚደረድር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠራ። የወጣው ጽሑፍ ቲዎረም አለው፤ ማረጋገጫ የሚመስል ነገር አለው፤ ትርጉም ግን የለውም። ደራሲዋ የሌለች ሴት፣ ዩኒቨርሲቲዋም የሌለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ራሱን የንጹሕ ሂሳብ መጽሔት ብሎ የሚጠራ አንድ አሳታሚ ጥቃቅን ማስተካከያዎች ጠይቆ ጽሑፉን ተቀበለ፤ ለማሳተሚያ ግን 500 ዶላር ይከፈል አለ። ገንዘቡ ባለመከፈሉ ቲዎረሙ ለዓለም ሳይደርስ ቀረ።

ይህ ቀልድ ነው ይባል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጥቅስ ቆጣሪው ድርጅት ባወጣው የታላላቅ ሂሳብ ሊቃውንት ዝርዝር መሠረት በዓለም ከፍተኛው ቁጥር የተገኘው ታይዋን በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ያ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ትምህርት ክፍል የለውም። ሰዎች እርስ በርስ እየተጠቃቀሱ ቁናውን ሞሉት። በ2023 ድርጅቱ ሂሳብን ከዝርዝሩ ጨርሶ አወጣ። ቁናው በሂሳብ ላይ እንደማይሠራ የቁናው ባለቤት ራሱ አመነ ማለት ነው፤ ለሌሎቹ መስኮች ግን እስከ ዛሬ ይሰፍርበታል።

ከዚህ ጎን የግሪጎሪ ፔሬልማን ነገር ይታይ። ይህ የሴንት ፒተርስበርግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 የፖአንካሬን ግምት፣ መቶ ዓመት ገደማ ሊቃውንትን ያስጨነቀውን፣ የሚፈቱ ሦስት ጽሑፎች ለማንም ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ አኖረ። ወደ መጽሔት አልላካቸውም። በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ጠቢባን ተቀምጠው መስመር በመስመር አነበቧቸው፤ ያልተብራራውን አብራሩ፤ ይህ ወደ ሦስት ዓመት ወሰደ። በ2006 የፊልድስ ሜዳይ ተሰጠው፤ አልቀበልም አለ። በ2010 የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ተሰጠው፤ እርሱንም አልቀበልም አለ። ጠባዩ የራሱ ነው፤ እንደ ቅዱስ መሳል አያስፈልገውም። አስደናቂው እርሱ ሳይሆን አንባቢዎቹ ናቸው፤ የሌላውን ሰው ሥራ ለማጣራት የሕይወታቸውን ሦስት ዓመት የሰጡት። ዛሬ አንድ ወጣት መምህር ይህን ያደርግ ዘንድ የትኛው የዕድገት ደንብ ይፈቅድለታል?

በዚህ ቦታ ከኪነ ጥበብ ወገን አንድ ነገር መባል አለበት፤ ስታፐልን የመሰሉ ሰዎች ሲጋለጡ «ደራሲ ቢሆን ይሻለው ነበር» የሚል ቀልድ ይሰማልና። ቀልዱ ደራሲን ይሰድባል። ተውኔት ጸሐፊ ያልነበረ ንጉሥ ይፈጥራል፤ ነገር ግን መጋረጃ አለ፤ መድረክ አለ፤ ተመልካቹ ትኬት ቆርጦ የገባው ፈጠራ ሊያይ መሆኑን ያውቃል። ከዚህም በላይ ተመልካቹ ዳኛ ነው፤ ሐሰተኛ ለቅሶ ሲያይ ይስቃል፣ ወይም ተነሥቶ ይወጣል። ሰንጠረዡ ግን «እዚያ ነበርሁ፤ ቆጠርሁ፤ ይህን አየሁ» ይላል። መጋረጃ የሌለው ተውኔት ማታለል ይባላል እንጂ ጥበብ አይባልም። ደግሞስ መጥፎ ድርሰት ነው! ከ0 እስከ 50,000 አንድ ዓይነት የሚነዱ ሰዎችን የፈጠረ ጸሐፊ የሰውን ልጅ ለአንድ ቀን እንኳ አላስተዋለም።

የቁናው ጠበቆች መልስ አያጡም። አንዳንዶቹ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ በጥቂት አጥፊዎች ሁሉን አትውቀሱ» ይላሉ። ጥቂት? ዊሊ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ሂንዳዊ የተባለውን አሳታሚ ድርጅት በ298 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2023 ከሂንዳዊ መጽሔቶች የተሻሩት ጽሑፎች ከ8,000 በልጠዋል። በዚያ ዓመት በዓለም የተሻሩት በድምሩ ከ10,000 በላይ ናቸው። ጽሑፍ በፋብሪካ እየተመረተ፣ የደራሲነት ቦታ በዋጋ እየተሸጠ መሆኑ የተደበቀ ምሥጢር አይደለም። ገዢው የተገኘው ሰው በድንገት ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሸቀጡ ማዕረግና ደመወዝ ስለሚያስገኝ ነው።

ሌሎቹ ደግሞ በተረት ይመጣሉ፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሳይንስ ራሱን በራሱ ያርማል» ይላሉ። ንጋት ማንም ሳይነካው ይጠራል። የስታፐልን ጉዳይ ያጠሩት ግን ሥራቸውንና የወደፊት ዕድላቸውን ለአደጋ የጣሉ ሦስት ወጣቶች ናቸው። የኢንሹራንሱን አኃዝ ያጠሩት ከተጻፈ 9 ዓመት በኋላ ማንም ሳያዛቸው በትርፍ ጊዜያቸው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። «ሳይንስ ራሱን አረመ» ማለት የእነዚህን ሰዎች ድካም ሰርቆ ለሥርዓቱ መስጠት ነው፤ ሥርዓቱ ሲሸልም የነበረው አጥፊውን ነውና።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ የተሻለው ነው። በሺህ የሚቆጠር መምህር ያለበት ዩኒቨርሲቲ ያለ ቁጥር በምን ይመዝን? ቁጥር ከቀረ ዘመድና ጎሣ፣ አድርባይነትና የአለቃ ፊት ይነግሣሉ ይላሉ። ይህ ስጋት ባዶ አይደለም፤ ብዙ መምህር ደጅ ሲጠና ያረጀበት ዘመን ይታወቃል። ይሁን እንጂ ቁጥር አድርባይነትን አላጠፋውም፤ ልብስ አለበሰው እንጂ። ቻምበርለይንን ባልሠሩት ጽሑፍ ላይ ደራሲ ያደረጋቸው ምን ነበር? የአለቃን ፊት የመፍራት ልማድ ቁናው ውስጥ ገብቶ ተሰፍሯል። ሸማቹ እህል ሲገዛ ቁናን አይጥልም፤ ከቁናው በፊት ዘግኖ ይቀምሳል። ለአንድ ዕጩ ፕሮፌሰር ምርጥ የሚላቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሥራዎች አቅርብ ተብሎ፣ እነርሱን በእውነት ያነበቡ ሰዎች ፊት ቢቀመጥ፣ ጥሬ አኃዙን ቢከፍት፣ መዝገቡን ቢያሳይ፣ ማነው በዚህ የሚጎዳው? ያነበበ ገምጋሚም ሊያዳላ ይችላል፤ ያላነበበ ገምጋሚ ግን ከማዳላት በቀር ሌላ የሚሠራው የለውም።

በኢትዮጵያ ይህ ክርክር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የዩኒቨርሲቲዎች የማዕረግ ዕድገት ደንብ የታተሙ ጽሑፎችን ይጠይቃል፤ ቤተ ሙከራው ሳይሟላ፣ በአንድ ክፍል የታጨቀውን ተማሪ ሲያስተምርና ሲያርም የሚያመሸው መምህር በየቀኑ «ክፈልና በሁለት ሳምንት እናትምልህ» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። ከደመወዙ ቆርጦ ለማያውቀው አሳታሚ ቢልክ የሚፈረድበት እርሱ ብቻ ነውን?

ኢትዮጵያ ግን የሌላ ዓይነት ምርምርም ባለቤት ናት። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ ለማጥናት አድዋ ሄዶ ነበር። ሴቶች በወንዝ ዳር እንደ ልማዳቸው ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ ተመለከተ፤ ከእጥበቱ በታች ባለው ውሃ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አየ። ምርምሩ ከዚህ ተነሣ። የሴቶቹ ሳሙና ለዘመናት የታወቀ ነበር፤ ዓይኑን ከወረቀት አንሥቶ ውሃውን ያየ ሰው ግን አንድ ነበር። ከሥራ ባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በእንዶድ ላይ በቆየው ጥናታቸው በ1989 በስቶክሆልም ታላቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

በእነዚያ 25 ዓመታት መካከል የሆነውን ግን አንባቢ ይመዝነው። ውጤቱ ከአፍሪካ ቤተ ሙከራ የወጣ በመሆኑ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘንድ በጥርጣሬ ታየ፤ መርዛማነቱ በሠለጠነው ዓለም ቤተ ሙከራ እንደገና ካልተፈተሸ አይታመንም ተባለ። ፍተሻው ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። ፍተሻን መጠየቅ ትክክል ነው፤ ሰው በሚጠጣው ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር አሥር ጊዜም ቢፈተሽ አይበዛም። ጥያቄው ሌላ ነው። የአድዋ ወንዝ «ደግመህ አስመስክር» ሲባል፣ የቲልበርጉ ቢሮና የለንደኑ ሆስፒታል ስለምን አንድ ጊዜ እንኳ አስመስክሩ አልተባሉም? የቁናው ጠበቆች «ገለልተኛ መለኪያ» የሚሉት ነገር ከጅምሩ ገለልተኛ አልነበረም። ስመ ጥር ለሆነው ስሙ ማረጋገጫ ሆነለት፤ ስም ለሌለው ማረጋገጫውም አልበቃ አለው።

ዛሬ በአንድ የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ያለ የማስተርስ ተማሪ ከዚህ በፊት በሌላ ሰው የተሠራን ጥናት፣ ለምሳሌ ስለ ወላዶች የጤና አጠባበቅ የተደረገን መጠይቅ፣ በዚያው ወረዳ በዚያው መንገድ ደግሞ ሠርቶ እውነት መሆኑን ላረጋግጥ ቢል «ይህ ተሠርቷል፤ አዲስ ርእስ አምጣ» ተብሎ መመለሱ የተለመደ ነው። ይህ ልማድ በአንድ ሰሚስተር ሊለወጥ የሚችል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በማዕረግ ዕድገት ፎርሙ ላይ «የታተሙ ጽሑፎች ብዛት» ከሚለው ረድፍ በላይ ሁለት ረድፎች ይጨመሩ፦ «ዕጩው የማንን ሥራ ደግሞ ሠርቶ አረጋገጠ?» እና «የዕጩውን ሥራ ማን ደግሞ ሠርቶ አረጋገጠው?» የሚሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለቱም ረድፎች ባዶ ሆነው የሚመለሱ ብዙ ፎርሞች ይኖራሉ፤ ከእነርሱም ጥቂት የማይባሉት የታላላቅ ስሞች ይሆናሉ።